ሠላሳ አራተኛው ሴኮንድ ላይ ስለገባችው ዲስክ

ለተከበሩ የዲስክ ጎልፍ ማኅበራችን የቦርድ ሊቀመንበር፤
እንዲሁም ለተከበራችሁ የቦርዱ አባላት በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናችሁ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። ትከሻችሁ ሳይዝል፣ ወገባችሁ ሳይያዝ፣ ቀኝና ግራ ጎናችሁ እኩል እየታዘዘላችሁ እንድትኖሩ ምኞቴ ነው። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ሰው ሜዳችን ላይ ምን እንደሚገጥመው በዓይኔ ስላየሁ ከልቤ ነው።

ይህ ለሁሉም የሚወጣ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ጨዋታችንን የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ይችላልና ባጭሩ ላስረዳ። ዲስክ ጎልፍ ማለት ሰሃን የምታክል ጠፍጣፋ ዲስክ እየወረወሩ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው፤ በጥቂት ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የመሬት ቀያሽ ስሆን፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያሉትን የአሥራ ስምንቱን ቅርጫቶች ርቀት የለካሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ መነፅር ሠሪ ነበረች። «ነበረች» የምለው እሷም ጡረታ ስለወጣች ብቻ አይደለም።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሰዓት አያያዛችሁ

እንደምታስታውሱት ባለቤቴን ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ሐኪሙ መራመዷም ትልቅ ነገር ነው ብሎ ነበር። እሷ ግን ኮሪደራችን ጫፍ ላይ የልብስ ቅርጫት አስቀምጣ ስድስት ወር ሙሉ በግራ እጇ መወርወር ተማረች፤ የግድግዳችን ቀለም እስከ ዛሬ እንደተላላጠ ነው። ለዓመታዊው ውድድር ስትመዘገብ «ላሸንፍ ብዬ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ሲንሿሿ መስማት አምሮኛል» አለችኝ።

አንቀጽ አሥራ አንድ እንደሚያዝዘው ተጫዋች ተራው ከደረሰ በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ባለቤቴ ደግሞ መጀመሪያ ምርኩዟን መሬት ላይ መትከል፣ ቀጥሎ ዳሌዋን እሱ ላይ ማስደገፍ፣ ከዚያ ያንን የማይሰማትን እግር በእጇ ገፋ አድርጋ ማስተካከል ነበረባት። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የሆኑት የተከበሩ ሰዓት ያዣችሁ ሦስተኛው ቅርጫት ላይ አስጠነቀቋት። አምስተኛው ላይ ቀጧት። ሰባተኛው ላይ፣ ያቺ ዳገት ላይ፣ እኔ ከተመልካቾች ገመድ ወዲህ የውኃ ኮዳዋን ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ «ሠላሳ!» ብለው ሲጮኹ ገና ክንዷን እያነሳች ነበር። ወረወረች። ዲስኳ ነፋሱን ተደግፋ ሄዳ ሰንሰለቱ መሀል ገባች።

«አልተቆጠረም» አሉ።

«ግን ገብቷል አይደል?» አለች ባለቤቴ።

«ገብቷል እትዬ፤ ግን ሠላሳ አራት ሴኮንድ ነው። ከውድድሩ ወጥተዋል።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ምርኩዟን ነቅላ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፤ የምሬን ነው። ስለዚህ አራት ሴኮንድ እንኳ ስለማያመልጠው ንቁ ዓይናችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

፪. ስለ ምርጫው

እሷ «ተወው፣ እኔ የፈለግኩትን ሰምቻለሁ» እያለችኝ እኔ አልተውኩትም። ደሜ ፈልቶ ነበር። ለቦርዱ አባልነት ተወዳደርኩ፤ በተቃራኒዬም ሰዓት ያዡን አቀረባችሁ። ስብሰባው በተጠራበት ትምህርት ቤት ምግብ አዳራሽ ውስጥ፣ ለልጆች ቁመት በተሠሩ ወንበሮች ላይ ጉልበታችንን አቅፈን ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ደቂቃ ተናገርን። የእኔ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ የሐኪም ወረቀት ያለው ተጫዋች ሠላሳ ሴኮንድ ይጨመርለት፣ በድምሩ አንድ ደቂቃ ይሁንለት። ተወዳዳሪዬ «ዛሬ ለሕመም ከጨመርን ነገ ለእርጅና፣ ከነገ ወዲያ ለስንፍና እንጨምራለን» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ።

፫. ስለ መዝገብ አያያዛችሁ

ክቡር ሊቀመንበር፣ ለዚህኛው ምስጋና ቃል ያጥረኛል። ከቦርሳዎ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ አውጥተው፣ ገጹን ገልጠው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ «እስኪ ለቤቱ ያንብቡልን፤ የእጅ ጽሑፉ ደግሞ እንዴት ያምራል» አሉኝ። መነፅሬን አድርጌ አነበብኩ።

«አንድ ሰው ተራው ሲደርስ ከሠላሳ ሴኮንድ በላይ እንዳይቆይ ሕግ ይውጣ። ጨዋታ የሚያጓትቱ ቢኖሩ ቤታቸው ይረፉ።»

ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነበር።

እዚህ ላይ ለአንባቢ እውነቱን መናገር አለብኝ። በዚያን ጊዜ የጽሕፈት መኪና የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አብረውን ይጫወቱ ነበር። ከመወርወራቸው በፊት ዲስኩን ደረታቸው ላይ ይዘው «ቆይ፣ ቆይ» እያሉ ረጅም ጊዜ ስለሚቆሙ፣ «አቶ ቆይ» የሚል ስም አውጥተንላቸው እንስቅ ነበር። እኔ ከኋላቸው እየቆምኩ እቃጠል ነበር። አንድ እሑድ ወረቀት አወጣሁና አንቀጽ አሥራ አንድን ጻፍኩ። ሕጉ በወጣ በወሩ አቶ ቆይ ከሜዳው ጠፉ፤ እኔም ጨዋታው ፈጠነ ብዬ ደስ አለኝ።

ባለቤቴ ያኔ ገና መጫወት አልጀመረችም ነበርና ይህን አታውቅም። የሰማችው ያን ቀን፣ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣ፣ ከገዛ አፌ ነው።

ድምፁ ተቆጠረ፤ አርባ ስድስት ለእሳቸው፣ ስምንት ለእኔ፣ አንድ ባዶ። ቃለ ጉባኤያችሁ ባዶዋ ወረቀት የማን እንደሆነች አይጽፍም። እኔ አውቃታለሁ።

፬. ስለ አውቶቡሱ

ይህ ቦርዱን አይመለከትም፤ ግን ቁጥሩን አንዴ ጀምሬዋለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መስኮት ዳር ተቀምጣ «ሰውየው ያኔ ታመው ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ።»

«አልጠየቅካቸውም?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

ቤት ገብታ ዲስኮቿን ወለወለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ሜዳው ላይ ዳግመኛ አልታየችም። እኔን ግን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ከምርጫው በኋላ በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ ጠዋት ፀጉሯን እያበጠረች ሳለ ሁለተኛው ስትሮክ መታት። ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆየች። እጄን ይዛ ነበር፤ በግራዋ።

፭. ስለ ኅሊና ጸሎቱ

በመኸሩ ውድድር መክፈቻ ላይ ባርኔጣችሁን አውልቃችሁ፣ ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ለባለቤቴ መታሰቢያ ዝም ብላችሁ ስለቆማችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ክቡር ሰዓት ያዡ ራሳቸው ናቸው ሰዓት የያዙት። አንድ ሙሉ ደቂቃ። ማንም አላጉረመረመም፣ ጨዋታው ተጓተተ ያለም የለም። ለካስ ትችሉ ኖሯል።

፮. ስለ አቶ ቆይ

ከዚያ በኋላ አዛውንቱን ፈልጌ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ቁልፉ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ ሲስት፣ እንደገና ሲፈልግ ከውጭ ሆኜ ሰማሁ። በሩ ሲከፈት እጃቸው እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ያኔም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዲስኩን ደረታቸው ላይ የሚይዙት እስኪረጋ ድረስ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከሰሙኝ በኋላ «እኔ በሕጉ አልተቀየምኩም» አሉ። «ስቀር አንድ ሰው እንኳ ‹የት ጠፋህ?› አለማለቱ ነው የቆረቆረኝ። ደግሞ አንተ ያልጠየቅኸውን ባለቤትህ መጥታ ጠየቀችኝ።»

«ባለቤቴ?»

«ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ነበር። ጓሮ እንወረውር ነበር፤ እኔ ባልዲ አስቀምጬላት። እኔ እሷን እጠብቃለሁ፣ እሷ እኔን ትጠብቃለች፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ይመሻል።»

ሐሙስ ሐሙስ እኔ ፊዚዮቴራፒ የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኝቻት እመለስ ነበር።

«ስለ እኔ ምን አለችዎ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«ስለ አንተ አውርተን አናውቅም» አሉኝ፤ ክፋት አልነበረበትም።

አንድ ሐሙስ ብመጣ ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ለመንኳቸው። «ቆይ፣ ላስብበት» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ይኸው አምስት ሳምንት ሆነ፤ እየጠበቅኩ ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ አንቀጽ አሥራ አንድ ይሻሻል ብዬ አላስቸግራችሁም፤ ድምፃችሁን ሰጥታችሁበታል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሕጉን ለራሳችሁ አድርጉትና ከሥሩ ያለውን ፊርማዬን ሰርዙልኝ። ወይም፣ ቦታ ካለ፣ ከጎኑ «ጻፈው፤ በኋላም ገባው» ብላችሁ ጻፉበት።

ለትዕግሥታችሁ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ለማኅበሩ ረጅም ዕድሜን፣ ለሕጎቹም የማይታጠፍ ጤንነትን እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ በአክብሮት የምሰናበታችሁ፤

የአንቀጽ አሥራ አንድ አርቃቂና ከሳሽ፣
በአርባ ስድስት ለስምንት የወደቀው እጩ፣
የአንዲት መነፅር ሠሪ ባል

ማስታወሻ፦ ለቀብሩ የላካችሁት የአበባ ጉንጉን ደርሶኛል፤ አበባው ውብ ነበር። ሪባኑ ላይ ግን በሟች ስም ቦታ የጻፋችሁት የእኔን ስም ነው። ስህተት ነው ብዬ ልመልስላችሁ ተነስቼ ነበር፤ በኋላ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የምኖረውን ኑሮ ሳስበው፣ ቦርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የወሰነ መሰለኝና ተውኩት።