መዝጊያውን ሳይቆልፉ ገብተው የማያውቁት የአቶ ፈየራ ቱሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፈየራ ቱሉ ከአባታቸው ከአቶ ቱሉ ሮበሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡዜ ሞልቱ በ1918 ዓ.ም. ላፍቶ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ሀና ማርያም ደብር ነው፤ እርሻውን ከአባታቸው ተማሩ። በ1944 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተናኘ ገሠሠ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1947 ዓ.ም. በአካባቢያችን በተከፈተው የበረኪና ፋብሪካ በቱቦ ጠጋኝነት ተቀጠሩ። በቱቦው የሚያልፈው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በ1950 ዓ.ም. አፈትልኮ ዓይናቸውን አንድ ወር ከጋረደባቸው ወዲህ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ቱቦ ከመፍታታቸው በፊት የጋዙን መዝጊያ ዘግተው በሰንሰለት ያስራሉ፤ በጓጉንቸር ይቆልፉና ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ። ከዚያ አሞኒያ የነካ ጨርቅ ወደ መጋጠሚያው ያስጠጋሉ፤ ነጭ ጭስ ከታየ ጋዝ አለና ማንም አይገባም። ባልደረቦቻቸው «ፈየራ እኮ የገዛ ቤቱም ጨርቁን ሳያስጠጋ አይገባም!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸው አብረው ይስቃሉ እንጂ ጨርቁን አይተዉም። በአሥር ዓመት ውስጥ በእጃቸው አንድም ሰው አልተጎዳም።

ቸኮል የሚባለውን ሰው በ1952 ዓ.ም. ፋብሪካው አስቀጥረው ሙያ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልጁን አስረስን ክርስትና አንስተው አበልጅ ሆኑ። ቸኮል ፎርማን ሲሆን እቤት የተቀመጠውን የጓጉንቸሩን ትርፍ ቁልፍ ስጡኝ አለ። የአቶ ፈየራ ሕግ ደግሞ አንድ ጓጉንቸር፣ አንድ ቁልፍ ነበር። «አበልጄ፣ እኔንም አያምኑኝም?» ቢላቸው ግን አፈሩ። አበልጅ እንዴት እምቢ ይባላል? ሰጡት። ወይ ነዶ!

ግንቦት 19 ቀን 1960 ዓ.ም. እንደ ልማዳቸው ቆልፈው፣ ከባልደረባቸው ከከድር ኑሪ ጋር የቱቦውን ማሸጊያ ይቀይሩ ነበር። ቸኮል አለቆቹ ሥራው ዘገየ ብለው ቢያጣድፉት፣ አሥር እርምጃ ሄዶ ሳያይ በያዘው ቁልፍ መዝጊያውን ከፈተው። ጋዙ ክፍሉን ሞላ። አቶ ፈየራ ከድርን አስቀድመው ገፍትረው አወጡ፤ እሳቸው ዘግይተው ወጡ።

ፋብሪካው ባወጣው ወረቀት «ፈየራ መዝጊያውን ሳይቆልፉ ገቡ» ተብሎ ተጻፈ። ሐሰት ነው! ሐኪም ቤት ልብሳቸው ሲወልቅ ቁልፉ ከኪሳቸው ወጥቷል፤ ከድርም እዚህ ቆሟል፣ ጠይቁት። በወረቀቱ ላይ የፈረመው ቸኮል ነው። የበሉበትን ወጭት ሰባሪ ማለት እንዲህ ነው። አንቱታውን ብንነፍገው ጉባኤው አይፍረድብን።

ወረቀቱ ሲነበብላቸው አቶ ፈየራ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አበልጄ ፈርሟል?» አዎ ሲባሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 1960 ዓ.ም. በ42 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የክርስትና ልጃቸው አስረስና ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው በንቲ በሐዘን ቀርተዋል። አምላከ ጻድቃን ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለስማቸው እውነትን ይስጥልን። ቸኮልም ነጠላውን አዘቅዝቆ መጥቷል። መጥቶ ይቁም፤ ሳጥኑ ሲነሳ ግን እጁን እንዳያሳርፍበት ቤተሰቡ በእመቤታችን ስም ይለምናል።