ምንም ያላጠፋው መጥረጊያ

ለአባዬ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እማዬስ እንዴት ናት? አሮጊቷስ፣ ትታዘዛለች ወይስ እንደ ልማዷ ጠዋት ጠዋት ታኮርፋለች? አሮጊቷ ያልኩት መኪናህን ነው፤ እማዬ ይህን ስታነብልህ እኔን ነው ብላ እንዳትቀየመኝ። እኔና አማችህ ደህና ነን፤ ተመስገን ነው። ብርዱ ብርድ ነው፣ ግን ለምደነዋል። ዘንድሮ እንደውም ደስ ብሎኛል አባዬ፤ ጠዋት ስነሳ ያለምክንያት እስቃለሁ። ፊደሉን እንዲህ ትልልቅ ያደረግኩት ደግሞ ወረቀት ተርፎኝ አይደለም፤ እሱን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስ። እዚያ ብርድ ውስጥ የመስታወት መርጫው ውሃ በረዶ አይሆንም ወይ ብለኸኝ ነበር። ይሆናል እንጂ! እኔን ጠይቀኝ።

ያስተማርከኝን ውሃ ታውቀዋለህ፤ አንድ ጀሪካን ንጹህ ውሃ፣ አንድ ጭብጥ የተፈቀፈቀ ሳሙና፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ከዚያ በጨርቅ ማጥለል። ያን ሁሉ አቧራ ሠላሳ ዓመት የነዳህበት ውሃ ነው። እዚህ አውቶቡስ ጋራዥ ስቀጠር ሥራሽ የፊት መስታወትና የዝናብ መጥረጊያ ነው አሉኝ። እኔም የአባቴን ሙያ ላሳያቸው ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ሰባት አውቶቡስ ላይ ያንተን ውሃ ሞላሁ። ማንንም አልጠየቅኩም፤ እኔን ማን ሊያስተምረኝ! በማግስቱ ጠዋት ስደርስ በሰባቱም ማጠራቀሚያ ውስጥ ውሃው ድንጋይ ሆኗል። ሦስቱ ተሰንጥቀዋል። አንዱ ሾፌር ጭራሽ መስታወቱ ላይ የተጣበቀውን መጥረጊያ ሳያላቅቅ አስነሳውና ላስቲኩ ተቦጭቆ ቀረ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የጋራዡን አለቃ ጋሽ ብሎን ይሏቸዋል፤ አጭርና ጥብቅ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። መጥተው አንዱን የበረዶ ስባሪ አነሱና አሸተቱት፤ ሎሚ ነው እንዴ አሉኝ። አዎ አልኩ፤ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ከሥራ መባረሬ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ውሃውማ ግሩም ነው፣ አየሩን ነው ያላወቅሽለት ብለው ሳቁ። ከዚያ ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ። ብርድ ሲገባ የሚሞላው ሰማያዊ ፈሳሽ ነው፤ ስንት ዲግሪ ድረስ እንደሚችል ጀሪካኑ ላይ ተጽፏል፤ ያንን ሳያዩ መሙላት ክልክል ነው። በረዶ የያዘ መስታወት ላይ የፈላ ውሃ መድፋትም አይቻልም፤ ይሰነጠቃል። ሙቀቱ ሲመለስ ግን ነፍሳቱ መስታወቱ ላይ እየተለጠፉ ሲያስቸግሩና ሰማያዊው ፈሳሽ ሲለቀልቃቸው፣ እስኪ ያንን የአባትሽን ሎሚ አምጪው አሉኝ። ሙልጭ አድርጎ አነሳቸው! አሁን ጥግ ላይ አንድ በርሜል አለ፤ በቀለም "የአባት ውሃ" ተብሎ ተጽፎበታል። አንተ ሳታውቀው እዚህ ሥራ ገብተሃል።

ዘንድሮ ግን ሎሚው አልበረክት ብሏል። ጋሽ ብሎን ለውሃው የሚያመጡትን እኔ በጨው እየላስኩ ፈጀሁባቸው። ምን ነካሽ ቢሉኝ እንጃ፣ አማረኝ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጀሪካን እንዳነሳ ከልክለው፣ ወንበር ሰጥተው፣ ቁጭ ብላ መጥረጊያ የምትመረምር ሴትዮ አድርገውኛል። እማዬ፣ እዚህ ጋ አትቁሚ፤ ማንበብሽን ቀጥይ።

አሁን ደግሞ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ልጅ ሆኜ፣ መኪናዋን ፀሐይ ላይ ስታቆም ላስቲኩ የጋለው መስታወት ላይ እንዳይጣበቅ መጥረጊያዎቹን ከመስታወቱ አላቅቀህ ቀና ታደርጋቸው ነበር። የሰፈር ልጆች አባትሽ መኪናዋን ማርኳት እጅ ወደ ላይ አላት እያሉ ሲስቁብኝ እኔ በሀፍረት እሞት ነበር። አንተ ቤት ስትገባ ቀስ ብዬ እመልሳቸዋለሁ። አንተ ንፋስ ነው የጣላቸው ትላለህ። ንፋስ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። ላስቲኩ እንደዚያ ቶሎ ቶሎ የሚሰነጠቀው በኔ ነው። አንተ ግን ያንን ምስኪን መለዋወጫ ሻጭ ስንቴ ተጣላኸው! እዚህ በመጣሁበት ዓመት፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ከሥራ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የቆሙት መኪናዎች መጥረጊያቸውን አንስተዋል። ላስቲኩ ከበረዶው ጋር እንዳይጣበቅ ነው አሉኝ። ስንቱ ሰው አባዬን ሆነ ብዬ መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ይቅር በለኝ። ሻጩንም ካገኘኸው ይቅርታ በልልኝ።

ሻጩን ካነሳሁ አይቀር፣ የላክኸው ዕቃ ደርሶኛል። በጋዜጣ ጠቅልለህ የላክኸውን ሦስት መጥረጊያ ማለቴ ነው። በአንድ ዓመት ሦስቴ ቀየርኩ፣ ሦስቱም የማይረቡ ናቸው፣ መስታወቱን አያጠሩልኝም፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሁሉ ነገር ወተት ይመስላል፣ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ይበተንብኛል፣ ለአለቃሽ አሳዪና ለፋብሪካው ይንገሩልኝ ብለህ ነበር። እኔም እንደ ቁም ነገር ይዤላቸው ሄድኩ። ጋሽ ብሎን የጋራዡን ትንሽ ፒክአፕ አቁመው መስታወቷን በጭቃ ለቀለቁና የመጀመሪያውን ገጠሙት። ውሃ ረጨን፣ ጠረገ፤ ጥርት አለ። ሁለተኛውም ጥርት። ሦስተኛውም ጥርት። አንድ መስመር እንኳ አልተወም። ላስቲኩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ መልሰው በጋዜጣው ጠቀለሉት፤ ከዚያ የአባትሽ ዕድሜ ስንት ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

ቆይተው የራሳቸውን አጫወቱኝ። እሳቸውም አንድ ጊዜ መጥረጊያ ሲቀያይሩ፣ ከሻጭ ጋር ሲጨቃጨቁ ከርመው፣ ኋላ ሐኪም ሲያያቸው የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት ገብተው ተገፈፈላቸው፤ ከሰዓት ቤታቸው ነበሩ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት ወንበር ላይ የተሰቀለውን የሥራ ካፖርታቸውን ነው። ስድስት ዓመት ግራጫ ነው እያሉ የለበሱት ካፖርት ሰማያዊ ነው! ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አባዬ፣ እንግዲህ አትቆጣኝ። መጥረጊያው ምንም አላጠፋም። መነጽሬ ጠፋብኝ እያልክ ደብዳቤዬን ለእማዬ እንደምትሰጣት አውቃለሁ፤ መነጽርህ ደግሞ ከደረት ኪስህ ወጥቶ አያውቅም። ስትነዳ አጠገብህ ሆና ቀኝህን ያዝ፣ ሰው አለ እያለች የምታይልህ እሷ እንደሆነች አውቃለሁ። ባለፈው ወር ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን መሻገሪያው ላይ ለጥቂት እንደሳትካት፣ ወርደህም ከየት መጣች እንዳልክ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ምግብ አልበላልህ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳትነካ የነዳህ አባቴ ነህ። ይህ ስም እንዲበላሽብህ አልፈልግም፤ ከስሙ ይልቅ ደግሞ የሴትዮዋ ነፍስ አለ። መንዳት ተው አላልኩህም። ሐኪም አይቶህ ዓይንህ እስኪገፈፍ ድረስ ግን ቁልፉን ለእማዬ ስጣት። አሁን፣ ይህን ደብዳቤ አንብባ ሳትጨርስ፣ ከኪስህ አውጥተህ እጇ ላይ አድርግላት። ስለ እኔ ብለህ። ሕክምናውን ፈራሁ ካልክም አያሳፍርም፤ እኔም ፈርቻለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ትንሽ ፖስታ አለች፤ በደንብ አሽጌያታለሁ። እሷን ማንም አያነብልህም። እማዬ፣ አንቺም ብትሆኚ እንዳትከፍቻት፤ ገብቶሽ ከሆነም ምላስሽን ያዢ፣ አደራ። አባዬ፣ ውስጧ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ፋሻህ በተነሳ ማግስት መስኮት አጠገብ ተቀምጠህ ራስህ ታነባታለህ። በሚቀጥለው የሙቀት ወራት ወደ እናንተ ስንመጣ መናኸሪያው በር ላይ ከአሮጊቷ ጋር ቆመህ እንድትጠብቀን እፈልጋለሁ፤ ስንት ሆነን እንደምንወርድ በራስህ ዓይን ትቆጥራለህ።

አምላክ ዕድሜውንም ጤናውንም አብዝቶ ይስጥህ። ከእማዬ ጋር በሳቅ ያኑራችሁ። ምርቃትህን ላክልኝ፤ ዘንድሮ ከወትሮው ጠንከር አድርገህ መርቀኝ።

መጥረጊያህን ንፋስ እየሆነች ስትጥልብህ የኖረችው
ልጅህ

ማስታወሻ፦ የትንሿ ፖስታ ጽሑፍ ደቃቅ ነው። ሆን ብዬ ነው።