«አህያ ይሻላል» የተባለውን ፌርማታ የሰየሙት ሾፌር ቅጣው ጌጡ ስለ ማረፋቸው

ሾፌር ቅጣው ጌጡ በ1930 ዓ.ም. የማኅበራችንን ሊቀ መንበር አቶ ዓምደሚካኤል ወሰኔን በገበያተኛ ፊት ከአህያ አሳንሰው ሰድበዋል። በደል ነው፤ ይቅርታም አልጠየቁበትም።

እኚሁ ሰው ባለፈው ማክሰኞ ዐርፈዋል። የዘመሮ አውቶብስ መስመር ሾፌሮችና መንገደኞች መረዳጃ ማኅበር እጅግ አዝኗል። በደሉ አስቀድሞ የተጻፈው ከሐዘኑ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። የፌርማታው ስም ይለወጥ ለሚሉትም ከዚህ በታች መልስ አለ።

መስመሩ የተከፈተው በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ጊዜ ነው። አውቶብሱ ጠዋት ከዘመሮ ገበያ ተነስቶ በዳርቻው መንደሮች እየዞረ እስከ ጣሊያን ምሽግ ይሄዳል፤ ማታ ይመለሳል። ሟች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሾፌሩ ነበሩ። ሲዘንብ መንገደኛው ወርዶ ይገፋል፤ ዳገት ላይ ረዳቱ ከጎማው ሥር ታኮ ይወሽቃል። ውስጡ እርጥብ በርኖስና በግ ይሸታል። የዛሬው አውቶብስ ያ ሽታ ይጎድለዋል።

በ1930 ዓ.ም. አቶ ዓምደሚካኤል ገብስ የጫነ አህያ እየነዱ ሲሄዱ ሟች መኪናውን አቁመው፣ «አንተ ባለ አህያ፣ ግባ እንጂ! እሱን ከኋላ አስረን እንጎትትልሃለን» አሉ። «በጣሊያን መኪና ከምቀመጥ አህያዬ ይሻለኛል» የሚል መልስ ተሰጣቸው። ሟችም ወደ መንገደኛው ዞረው፣ «ሰማችሁ? ከእሱስ አህያው ይሻላል፤ አህያው ቢጠየቅ ይገባ ነበር» አሉ። ክላክሱንም ነፉ። አህያው ደንብሮ ገብሱን ጣለው። መኪና ሙሉ ሰው ሳቀ።

በማግሥቱ ረዳቱ እዚያ ሲደርስ፣ «አህያ ይሻላል፣ ወራጅ አለ?» ብሎ ተጣራ። ስሙ ጸና። ጣሊያናዊው የመስመሩ ኃላፊ የፌርማታዎቹን ስም ሲጠይቅ ሟች ሳይስቁ ነገሩት፤ እሱም በራሱ ፊደል ቆርቆሮ ላይ አስጽፎ አስተከለው። የጣሊያን መኪና «አህያ ይሻላል» ከሚል ጽሑፍ ሥር እየቆመ እስከ 1933 ዓ.ም. ሰው ሲጭን ኖረ። ሕዝቡ ቀልዱ በጣሊያን ላይ ነው ይላል። ገብሱን ከመሬት የለቀሙት ግን አቶ ዓምደሚካኤል እንጂ ጣሊያን አይደለም።

በ1931 እና በ1932 ዓ.ም. ሟች ወታደር በጫኑ ቁጥር ከዳገቱ አናት ክላክሱን ያስረዝሙ ነበር። ያን የሰማ በጎቹን ወደ ገደሉ ያወርዳል። ብዙ ቤት በጉ ሳይነጠቅ ቀርቷል። አቶ ዓምደሚካኤልም በጎች ነበሯቸው።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ መኪናው ለከተማው ሰው ቀረ። ሟች በዚያው ፌርማታ ቆመው በሩን አስከፈቱና፣ «አሁንስ የማን ነው?» አሉ። አቶ ዓምደሚካኤል ገቡ። ሟች መንዳት እስካቆሙ ድረስ ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር የእሳቸው ነበር። ብዙም አልተነጋገሩም።

አንዳንድ አባላት፣ ስሙ ነውር ስለሆነ ፌርማታው በሟች ስም ይጠራ ብለዋል። ማኅበሩ አልተቀበለውም። ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ የሠሩትን አፍርሶ ማክበር የለም። ቆርቆሮው ዝጓል፤ በእኛ ፊደል እንደገና ይጻፋል። በአርባቸው ዕለት አውቶብሱ እዚያ ሲደርስ ክላክሱን ያስረዝማል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር ያጽናችሁ እንላለን።

ስለ ስድቡ የሚባለው እዚህ አበቃ። አቶ ዓምደሚካኤል ከእንግዲህ አያነሱትም፤ የሚጠይቃቸውም አይኑር።

ዓምደሚካኤል ወሰኔ
የማኅበሩ ሊቀ መንበር