በፈረስ ውድድሩ የጠፋችው ጃንጥላዬ

ዘመሮ፣ ጥር 13 ቀን 1999 ዓ.ም.

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ ጃንጥላዬ በዛሬው የዞን ፈረስ ውድድር ላይ ተሰርቃለች።

የጎረቤቴ የእትዬ ወርቄ ልጅ፣ መምህሩ፣ ያለ ክስ ከታሰረ ዘጠኝ ወሩ ነው። «ሹሙ ሁሉ ዛሬ ሜዳው ላይ ነው፤ እዚያ ይጩኹ፤ እኔ ከጎንዎ ነኝ» ብዬ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ምክር መቼም አያደክምም።

ፈረሰኞቹ እየጋለቡ ሲመጡ እትዬ ወርቄ መሃል ሜዳ ገብተው «በሕግ አምላክ! ልጄን ወይ ክሰሱት ወይ ፍቱት!» አሉ። የመንዝ ሰው «በሕግ አምላክ» ተብሎ አያልፍም፤ ጋላቢው ሁሉ ልጓሙን ሳበ። የወረዳው ሹም ብቻ በጎናቸው ሽው ብሎ አለፈና አንደኛ ወጣ። ዋንጫውን ታቅፎም ስለ ሕግ የበላይነት ንግግር አደረገ።

«ፈረሱስ ሊቆም ነበር፤ የተቀመጠበት ነው እንጂ!» አለ ከቆሙት ጋላቢዎች አንዱ። ማንም አልሳቀም፤ ፖሊሶቹ እትዬ ወርቄን ይዘዋቸው ነበርና።

«ማን ላከሽ?» አሏቸው። እሳቸው ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ስሜን ግን አልጠሩም።

እርማት፦ በመግቢያው «ጃንጥላዬ ተሰርቃለች» ተብሎ የተገለጸው በስሕተት ስለሆነ እንደሚከተለው ተስተካክሏል፦ ባለቤቷ ሲሸሽ ጥሏታል።