ኮሶ በቁርጥ ቤት ግድግዳ

አሰላ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኩርፊያ ለማያልቅባት፣ ግን ለምወዳት ለባለቤቴ ለሚልካ፤

ሮቤ እንዴት ይዞሻል? ወንድምሽስ አሁንም ወጡ እስኪቀዘቅዝ ይጸልያል ወይስ አንቺ ከመጣሽ ወዲህ አሳጠረው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከመታሰሬ በቀር።

አትደንግጪ፣ ፖሊስ የለበትም። የታሰርኩት በአቶ በዛብህ አዲስ ሆቴል፣ በቁርጥ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጠዋት አስገብቶ ከውጭ ይቆልፍብኛል፣ ማታ ይከፍትልኛል። ስልኬንም ወስዶታል፤ የምስለውን ሥዕል ፎቶ አንስቼ ለሌላ ሆቴል እንዳላቀብል ነው አሉ። የመስኮቱ ፍርግርግ ድመት እንኳ አያሳልፍም። ለዚህ ነው ከስንት ዘመን በኋላ እንደ ድሮ እጮኛ በወረቀት የምጽፍልሽ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳልነግርሽ አውቀሽዋል፤ የጣውንትሽ ነው። «በቃ እሱን አግባው!» ብለሽ ሻንጣሽን ያነሳሽበት፣ ያው የቤተ መጻሕፍታችን የዕፅዋት ሥዕል መጽሐፍ። አንድ ፈረንጅ ከመቶ ዓመት በፊት ደጋችንን እየዞረ ዛፉን ከነአበባው፣ ፍሬውን ሰንጥቆ ከነዘሩ የሳለው፣ ቀለሙንም ገጽ በገጽ በእጁ የቀባው። ካንተ በቀር ማን ይከፍተዋል ትይኝ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሰኪና ከእሱ ገልብጬ የሰጠኋትን ቅጠል በየሰዉ መጋረጃ ላይ ትጠልፋለች። የትራስ ልብሳችን አበባ ራሱ ከየት የመጣ መሰለሽ? ትተሽው ሄድሽ እንጂ።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን መጽሐፉን «ለከተማ ውበት» ብሎ ለአቶ በዛብህ አዋሰው። አቶ በዛብህ ደግሞ ምላጭ ገዛ። ገጾቹን ቆርጦ፣ ፍሬም አስገብቶ ሊሰቅላቸው! የቁርጥ ቤት ጌታ ስለሆነ የማይቆረጥ ነገር የለም ብሎ ያምናል። እኔም ደንግጬ «ጌታዬ፣ ፍሬም እኮ ድሮ ቀረ! እኔ ግድግዳውን ሙሉ እስልልዎታለሁ» አልኩት። የመጽሐፉን ነፍስ ለማዳን የራሴን አስያዝኩ። ውላችን አጭር ነው፦ ሥዕሉ ለቅዳሜ ካልደረሰ ምላጩ ሥራውን ይሠራል። ቅዳሜ የገና ጾም ቅበላ ነው፤ ቁርጥ ቤት ከዚያ የተሻለ የምርቃት ቀን ከየት ያገኛል?

ቅዳሜ! ጋሽ ኢታና ሽማግሌዎቹን ይዘው እኔና አንቺን ሊያስታርቁ ሮቤ የሚቀመጡበት ቅዳሜ። «ያን ቀን ከቀረ ሁለተኛ ስሙን እንዳታነሱብኝ» ማለትሽን ሰምቻለሁ።

ስለዚህ መላ መታሁ። አቶ በዛብህ ከገጾቹ ሁሉ ቀዩን መረጠ፤ ተንዠርጎ ሲያዩት ወይን የሚመስለውን። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ላቲን ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ወይን ነው?»

«የደጋ ነው ጌታዬ።»

«ግሩም! ከወለል እስከ ጣሪያ ይሁን።»

ሰውየው የከተማ ልጅ ነው፤ ኮሶን የሚያውቀው በዋንጫ እንጂ በዛፉ አይደለም። እኔም አልነገርኩትም። ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ለሆዱ ትል አፍንጫውን ይዞ የሚጨልጠው ኮሶ፣ በቁርጥ ቤት ግድግዳ ላይ! የሚያውቅ ሰው አይቶ ሲስቅበት እኔንም መጽሐፌንም በአንድ እርግጫ ያስወጣናል፣ እኔም በነፃ ሰው ወግ ሮቤ እገባለሁ ብዬ አሰብኩ።

ዛሬ ሥጋ ቆራጩ ሌዊ ምሳ ይዞልኝ ገባ። ቀና አለ። ትሪውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሄጦ አይደለም እንዴ? ኮሶ!»

«ዝም በል።»

«ሰውየው ቁርጡን አዋዜ ነክሮ ቀና ሲል... እኔን! ከዚያ በኋላ ማን ኪሎ ያዘኛል?»

እየሳቀ ሮጦ ለአቶ በዛብህ ነገረው። እኔ ካፖርቴን ለበስኩ። አቶ በዛብህ መጽሐፉን በብብቱ እንደያዘ መጥቶ ግድግዳው ፊት ቆመ። ፊቱ ቀልቶ ሥዕሉን መሰለ። አገጩን አሻሸ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ለካ ብልህ ነህ ዱሬሳ! በሽታውም መድኃኒቱም ከአንድ ቤት! እንግዳው አይፈራም፣ ይደግማል።»

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ለፎቁም ክፍሎች ምረጥ፤ እስከ ገና ትጨርሳቸዋለህ» አለኝና፣ ከደስታው ብዛት መቆለፉን ረስቶ ወጣ። ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ኮሶ ወንዱና ሴቷ በየራሳቸው ዛፍ ናቸው፤ ጭላሎ ተራራ ላይ ተራርቀው ነው የሚቆሙት። ፈረንጁ ግን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። እኔ የሳልኩት ቀይዋን፣ ሴቷን ነው። ገርጣ ያለውን ወንዱን አቶ በዛብህ «ደም የለውም፣ ይቅር» አለኝ። ከጎኗ ያለውን ቦታ ግን ምንም ሳልቀባ ትቼዋለሁ።

ጌታ የወንድምሽን ቤት ከበረዶ፣ እራታችሁን ከረጅም ጸሎት፣ አንቺን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ። ለጋሽ ኢታና አክብሮቴን ንገሪልኝ፤ ቅዳሜ ብቀርም እስረኛ መሆኔን አስረጂልኝ።

ያንቺው ዱሬሳ

ደብዳቤውን ሌዊ ያደርስልሻል፤ አሁን ከሰዓት በሬ ሊገዛ ወደ ሮቤ ይወጣል። ደጃፉ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። «ጋሼ፣ በሩ ክፍት ነው፣ መጽሐፉም እጅዎ ላይ ነው፣ መኪናውም ቦታ አለው። ምን ያስጽፍዎታል? ለምን አብረን አንሄድም?» ይለኛል።

ቀለሙ አልደረቀም አልኩት።