አባዬ ባጁን ያገኘበት እሁድ

ለውድ ወንድሜ ለሜሪል፣

እንደምን ከርመሃል ወንድም ዓለም? የአላስካ ብርድ ጉልበትህን ማረልህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ያስነክስሃል? ሳልህስ ለቀቀህ? ኮርዴሊያ ደህና ናት? ልጆቹስ የት ደረሱ፣ በቁመት በለጡህ? እኔ ከወገቤ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ወገቤን የያዘኝ ምን እንደሆነ ስነግርህ ደግሞ ትስቃለህ። አባዬም ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሬዲዮኑን ይሰድባል። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስልኩ ያለበትን ክፍል አባዬ ስለማይለቅ በወረቀት ይሻላል አልኩ።

በፋሲካ ምሳ ላይ፣ አንተ በስልክ እኛ በገበታው ዙሪያ ሆነን የተዋዋልነውን መቼም አትረሳውም። ዓይኑ ደክሟል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከተማ ያለው የአረጋውያን ቤት ይግባ ብለን ሁለታችን ስንጫነው ሹካውን አስቀመጠና «በዚህ ወር የተኩስ ትምህርት አለ። እገባለሁ። የተኳሽነቱን ባጅ ካመጣሁ ከዚህ ቤት ማንም አያንቀሳቅሰኝም፤ ካላመጣሁ ሻንጣዬን ራሴ ይዤ እወጣለሁ» አለ። አንተ ስቀህ «ይሁን» አልክ። እኔም በሆዴ «ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የት አባቱ ያመጣዋል» ብዬ እሺ አልኩ።

እንግዲህ ስማ፤ ባጁን አመጣ።

እኔን ታውቀኛለህ፤ ያለ ምክንያት ደግ የሚሆን ሰው አይዋጥልኝም። እነዚህ አስተማሪዎች ደግሞ ደመወዝ የላቸው፣ ቅዳሜና እሁዳቸውን ሰውተው፣ ቀይ ኮፍያ አድርገው ለማያውቁት ሰው ሁሉ ጠመንጃ ሲያስተምሩና ታሪክ ሲያወሩ ይውላሉ። ለምን? አለቃቸው ሆሊስ የሚባል ጡረታ የወጣ የፖስታ አመላላሽ ነው። ከትምህርቱ በፊት በነበረው ሳምንት እኛ ቤት መጥቶ ከጀርባ ያለውን የግጦሽ ሸለቆ ከአባዬ ጋር ሲዞር በመስኮት አየሁት። አባዬ «ለተኩስ ሜዳ ይሆናችሁ እንደሆነ ውሰዱት» ብሎታል። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ አልኩ። ሽማግሌውን አሞግሰው፣ ባጅ ሰክተው፣ ሸለቆውን ሊበሉት ነው። ስለዚህ እኔም ተመዘገብኩ። የእማዬን የጥንቸል ማደኛ ጠመንጃ ጠራርጌ ከአባዬ ጎን፣ እሱ ዘጠኝ ቁጥር፣ እኔ አሥር ቁጥር ኢላማ ትይዩ በደረቴ ተጋደምኩ። ወገቤ የተያዘው እዚያ ነው።

ሁለቱንም ቀን ዓይኔን ከእነሱም ከአባዬም ላይ አልነቀልኩም። ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ ሁላችንም ዳቦ በአሳማ ሥጋ ይዘን ስንጎርስ፣ ሆሊስ የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ስለተጀመረበት ስለዚያ ስለ ጥንቱ የኤፕሪል ቀን ያወራ ጀመር፤ የእንግሊዝ ወታደር ሲመጣ ገበሬው ሁሉ ማረሻውን ትቶ እንዴት እንደወጣ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሽማግሌ ነበር አለ፤ ከድንጋይ አጥር ጀርባ ሆኖ ብቻውን ተኩሶ፣ ቆስሎ፣ ሞተ ተብሎ ተጥሎ፣ ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት የኖረ። አባዬ ማኘኩን አቁሞ ሲሰማ አየሁት። እኔ ግን «አሁን ነው የሚያስፈርሙን» ብዬ ስጠብቅ ሰውዬው «ስትመለሱ ጎረቤታችሁን በስሙ እወቁት፣ ምርጫ ሲደርስ ቤት አትዋሉ» ብሎ ወደ ተኩሱ መለሰን። የሚፈረም ወረቀት የለም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

የሚያስተምሩት ነገር አስቂኝ ነው። ጠመንጃውን በጉልበት ወደ ኢላማው አትጎትቱት፣ ሰውነታችሁ ራሱ ወደ ኢላማው ይዙር ይላሉ። ተጋድመህ ታነጣጥራለህ፣ ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ ከዚያ ስትገልጥ ጠመንጃው የሚያሳይህ ሰውነትህ የዞረበትን ነው። እኔን ሲያየኝ ሆሊስ «ናዲን፣ አይነክስሽም እኮ፤ እንደ እርጥብ ድመት አርቀሽ አትያዢው» እያለ ሰው ያስቅብኛል። ለአባዬ ግን «ጋሽ ሎዌል፣ እርስዎ ቀስ ይበሉ፣ ማንም አያሳድድዎት» ይለዋል፤ ማር በጠብታ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ፈተና ሆነ። የመጨረሻው ዙር አሥር ጥይት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያሉት የኢላማ ምስሎች የአውራ ጣት ጥፍር ያክላሉ፣ ነጥቡም እጥፍ ይያዛል። የአባዬ ጣቶች ስለተንቀጠቀጡ የጥይት ካዝናውን እኔው ሞላሁለት። ተኮስን። ተኩስ ቁም ተባለ፣ ካዝናው ሁሉ ከጠመንጃው ወጣ፣ ጠመንጃው ሁሉ ባዶ መሆኑ ታየ፣ ወደ ወረቀቶቻችን ሄድን። እኔ በሌሎቹ ዙሮች ደህና ስመታ ቆይቼ በዚህኛው አንድም ቀዳዳ የለኝም። «አፈሩን ገደልሽው!» አለ ሆሊስ። የአባዬ ወረቀት ላይ ግን አሥሩም ቀዳዳ ምስሎቹ ውስጥ ናቸው። ሲደመር ለባጁ ከሚያስፈልገው በሁለት ነጥብ በልጦ አለፈ። ሰዉ አጨበጨበ፣ ሆሊስ ደረቱ ላይ ሰካለት። አባዬ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው፤ «አመሰግናለሁ» አለ።

እኔ አላጨበጨብኩም፤ ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ወግተው ጨምረውለታል ብዬ ጠረጠርኩ። ነጥብ የምትቆጥረው ሴትዮ ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታ ነበር፤ ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ራሷ ስትቀልድ «የዚህች ጥይት ቀዳዳና የእርሳስ ቀዳዳ መንታ ናቸው» ብላለች። ቤት እንደገባን፣ አባዬ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎ ሲተኛ፣ የስፌት መነጽሬን አድርጌ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ መረመርኩ። ጥይት ሲያልፍ በቀዳዳው ዙሪያ ግራጫ ቀለበት ይተዋል፤ እርሳስ አይተውም። አሥሩም ቀለበት አላቸው። ሐሙስ ደግሞ ሆሊስ መጥቶ «ጋሽ ሎዌል፣ ሸለቆው ያምራል፤ ግን ከኮረብታው ጀርባ ቤት አለ፣ ጥይት ካመለጠን ሰው እንፈጃለን፤ አንወስደውም» ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። የምጠረጥርበት ነገር አጣሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ልብስ ላጥብ ብዬ የአባዬን ጃኬት ኪስ ስፈትሽ ካዝናው እጄ ገባ። እኔ የሞላሁት፣ በእሱ ስም ፊደል የተጫረው ካዝና ነው። ጥይቶቹን ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ ቆጠርኳቸው፤ አሥር። አንዱንም አልተኮሰም፣ ሜሪል። እነዚያን ጥቃቅን ምስሎች ጭራሽ አላያቸውም። ተጋድሞ፣ ጉንጩን ጠመንጃው ላይ አድርጎ፣ ጊዜው እስኪያልቅ ጠበቀ።

ታዲያ ማን ተኮሰ? ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔ አባዬ ላይ ነበር፤ ትከሻዬም፣ ወገቤም ወደ እሱ ዞሮ ነበር። በዚያ ዙር እንደተማርኩት ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ተነፈስኩ፣ ገለጥኩ፣ ፊቴ የመጣውን ወረቀት ቁጥሩን ሳላይ መታሁት። ዘጠኝ ቁጥር ነው። የእኔ ጥይቶች ናቸው። ሌባ ፍለጋ የሄድኩት እኔ ነኝ የሰረቅሁት።

እሱ አስተማሪዎቹ አዝነውለት በእርሳስ የበሱለት መስሎት ይሆናል። ያም ሆነ ይህ እንዳልተኮሰ ያውቃል። ካዝናውን ወደ ኪሱ መለስኩና ጃኬቱን መስቀያው ላይ ሰቀልኩት። ትናንት ለቤተ ክርስቲያን ሲለብሰው እጁ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ቀረ። «ናዲን፣ ይህን ጃኬት አጠብሽው እንዴ?» አለኝ። «ረሳሁት አባዬ፣ ሳልነካው ቀረ» አልኩት፣ ከምልጠው ድንች ላይ ቀና ሳልል። «ይሻላል» አለና ወጣ።

አባዬን ታውቀዋለህ። መንገድ ላይ የወደቀ አንድ ጓንት አግኝቶ ባለቤቱን ሲፈልግ ሁለት ሳምንት የዞረ ሰው ነው። አንተ የጎረቤት ፖም ቆርጠህ ስትመጣ ነክሰህ የተውከውን ሳይቀር ያስመለሰህ ሰው ነው። ያ ሰው ያልተኮሰበትን ባጅ ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ይህን ያህል ፈርቶናል፣ ወንድሜ። እኔንና አንተን ነው የፈራው። ይህ ሲገባኝ የታጠበውን ፎጣ ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ስለዚህ ያን የአረጋውያን ቤት ከእንግዲህ እንዳታነሳብኝ። በእንግድነት መመላለሱን ትቼ አልጋዬን ከራሴ ቤት ወደዚህ አመጣለሁ፤ ዓይኑ ሲደክም የእኔ አለ። ውሉ ፈርሷል የምትል ከሆነ ግን ና፣ ባጁን ከደረቱ ላይ አንተው ንቀልለት። እኔ አልችልም።

ኮርዴሊያን ጥብቅ አድርገህ ሳምልኝ። ቴስ ፈተናዋን በርትታ ትሥራ፤ ኦወን ደግሞ ለአያቱ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ፊደሉን ትልልቅ ያድርገው። አባዬ «ለሜሪል ሰላም በይው» ብሏል፤ የምጽፍልህን ግን አያውቅም። አንብበህ ስትጨርስ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨምረው።

እህትህ ናዲን
ሚለርስ ፎርክ፣ ኢንዲያና
ኤፕሪል 27 ቀን 2015