«እግዚአብሔር ይመስገን» ቴርሞሜትር አይደለም

ለክቡር አቶ ኤሊሻይ
በፔታህ ቲክቫ የአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃችን ዋና አስተዳዳሪ
በመሬት ወለል፣ በቀዝቃዛው ቢሮ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ወገቤ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን አሉ? በሐምሌ ወር ሹራብ ደርባ የምትሠራው ጸሐፊዎስ ጉንፋኑ ተሻላት? ቢሮዎን ሃያ አንድ ዲግሪ ላይ አቁሞ የሚያውለው መዝጋን፣ ያ የአየር ማቀዝቀዣዎስ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይታመም እንደምን ከረመ? በዚህ ሕንፃ ውስጥ በወቅቱ የሚታከም እርሱ ብቻ ስለሆነ ጤንነቱን ከልቤ እመኝለታለሁ።

በአገራችን የደብዳቤ ሥርዓት ከዚህ ቀጥሎ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ ይጻፋል። ከጎንደር ከወጣሁበት ቀን ጀምሮ ለዘመድም ለወዳጅም የጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ይህን ቃል ይዟል። ከዚህኛው ላይ ግን አውቄ አስቀርቼዋለሁ፤ ለምን እንዳስቀረሁት እስከ ታች ታግሠው ቢያነቡ ይገባዎታል።

በአማርኛ መጻፌንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ለአሥራ አንድ ቀን የአስተዳደርዎ አስተርጓሚ ሆኜ ካገለገልኩ በኋላ ሥራውን በገዛ ፈቃዴ ስለለቀቅኩ፣ ደብዳቤዬን የሚያስረዳዎትን ሰው ራስዎ መፈለግ ይኖርብዎታል። አንዱን ቅጂ ሎቢው ሰሌዳ ላይ፣ ፈገግ ያለች ፀሐይ ከተሳለችበት ማስታወቂያዎ ጎን ለጥፌዋለሁ።

ስሜ ጎበዜ ነው፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር እኖራለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ የታረደ ዶሮ በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ መጋዘን ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ስለ ሙቀትና ስለ ብርድ የምናገረው ሳላውቅ አይደለም። ከበሬ ፊት ለፊት እትዬ እታፈራሁ ይኖራሉ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የወገራ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የፎቃችን መዝጋን ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በእሑድ ቀን ቆመ። ዛሬም እንደቆመ ነው። እትዬ እታፈራሁ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ የፊታችን ረቡዕ ወደዚያው ክፍላቸው ይመለሳሉ። የዚህ ሁሉ ደብዳቤ ጉዳይ ይህች ረቡዕ ናት።

አቤቱታዬን ለመዝገብዎ እንዲመች በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። «ውሃ ጠጡ፣ ከባድ ሥራ አትሥሩ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ቆዩ» ይላል። እኛ ታዛዥ ሰዎች ስለሆንን ቀዝቃዛ ቦታ ፍለጋ ወጣን። የፎቃችን ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ሄደው፣ የሐኪም ቀጠሮ ሳይኖራቸው መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ተራ ሲጠይቃቸው «እለፍ፣ እለፍ» እያሉ ያሳልፉታል። እኔ ደግሞ ቀዝቃዛውን የቀይ መስመር ባቡር ይዤ ባሕር ዳር እስካለችው ባት ያም እሄዳለሁ፤ ባሕሩን ሳላይ በዚያው ባቡር እመለሳለሁ። እትዬ እታፈራሁ ግን ጉልበታቸው እስከ ጣቢያው ስለማያደርሳቸው ከማስታወቂያዎ ሊጠቀሙ የቻሉት ውሃውን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ማበረታቻዎ አመሰግናለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቢሮዎ መጥቼ ስለ ሙቀቱ ባመለከትኩ ጊዜ እጄን ጨብጠው፣ ውሃ ቀድተው፣ እኛ ከአፍሪካ ስለመጣን ከሌላው ነዋሪ ይልቅ ሙቀት እንደምንችል በፈገግታ ነግረውኛል። ለጠቅላላ እውቀትዎ ያህል ግን፣ ወገራ ማለት በሐምሌ በረዶ የሚጥልበት፣ ሰው በቀትር ጋቢ ደርቦ እሳት የሚሞቅበት ደጋ ነው። እትዬ እታፈራሁ ከሐምሌ ሙቀት ጋር የተዋወቁት እዚህ፣ በእርስዎ ጣሪያ ሥር ነው። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ውሃዎን ጠጥቼ ወጣሁ። ውሃው በእውነት ቀዝቃዛ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ስልኩ ከሁሉ አብልጬ አመሰግናለሁ። በሙቀት ቀናት ሁልጊዜ ጠዋት በአራት ሰዓት ላይ ኢናቭ የምትባል ትሑት ልጅ ከአስተዳደርዎ እየደወለች የእያንዳንዱን አረጋዊ ደህንነት እንድትጠይቅ ማድረግዎ የሚያስመሰግን አሳብ ነው። ዐርብና ቅዳሜ ስልኩ ያርፋል፤ ሙቀቱ ግን ሰንበት አያከብርም፤ በዚህ በእርስዎ ላይ አልፈርድም። እትዬ እታፈራሁ ስልኩ ሲጮህ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በራቸውን ከፍተው ይጠሩኛል። ዕብራይስጥ የሚናገር ስልክ ሁሉ ለእሳቸው መንግሥት ነው፤ «ጎበዜ፣ መንግሥት ደውሏልና ና አናግርልኝ» ይሉኛል። ኢናቭ «ማ ሽሎማ?» ትላለች፤ እኔ «እንደምን አሉ ትልዎታለች» እላለሁ፤ እሳቸው ከወገራ ይዘውት በመጡት ጨዋነት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ እሷስ እንደምን አለች?» ይላሉ። እኔም «ባሩኽ ሃሼም፣ በሰደር» ብዬ አስተላልፋለሁ። ኢናቭ ትመዘግባለች።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ ዘንድ ለማያውቁት ሰው፣ ያውም ለመንግሥት፣ ያውም ተጨንቆ ለደወለ ሰው «አሞኛል» ብሎ መመለስ ነውር ነው። እትዬ እታፈራሁ ባላቸውን በቀበሩበት ሳምንት እንደምን ነዎት ሲሏቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር መልሳቸው። ይህ ቃል ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና፣ ለጠያቂው የሚሰጥ ክብር ነው እንጂ የሕክምና ማስረጃ አይደለም። ሠላሳ ዓመት እኛን ያኖረ አስተዳደር ይህን ሳያውቅ መኖሩ ይደንቀኛል። ማወቅ ባይፈልግ ደግሞ ቴርሞሜትር ነበረ።

ቴርሞሜትር ስል አለኝ ማለቴ ነው፤ ጡረታ ስወጣ ከመጋዘኑ ይዤው የመጣሁት ነው። በሦስተኛው ቀን በእትዬ እታፈራሁ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ መስኮታቸው ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ጠዋት ሠላሳ አራት የነበረው ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ስምንት ይገባል። ለኢናቭ ይህንኑ ብነግራት በጣም አዝና፣ ቅጽዋ ላይ ሁለት ሳጥን ብቻ እንዳለ አስረዳችኝ፤ አንደኛው «መልሷል፣ ደህና ነው»፣ ሁለተኛው «አልመለሰም»። ዲግሪ የጥገና ክፍል ጉዳይ ነው ብላ ሌላ ቁጥር ሰጠችኝ። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ሳጥኑን የሠራችው እሷ አይደለችም።

በመጋዘናችን ዶሮዎቹን አንድም ቀን እንደምን አደራችሁ ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም። በየሁለት ሰዓቱ ቴርሞሜትሩን እናይ ነበር፤ ቁጥሩ ከአራት ካለፈ ቀይ መብራት ይበራል፣ ሥራ አስኪያጁ ምሳውን ጥሎ ይመጣል፣ ጠጋኙ በሩጫ ይደርሳል። ዶሮዎቹ ደግሞ፣ እንዳስታወስዎ ይፈቀድልኝና፣ የሞቱ ነበሩ።

አራተኛ፤ ስለ ጥገናው ፍትሐዊ አሠራር አመሰግናለሁ። የጥገና ክፍልዎ ሰው መጥቶ መዝጋኑን ከፍቶ አይቶ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ዕቃ ይመጣል ብሎ ሄደ። ዕቃው ሲዘገይ ደወልኩ። ቅድሚያ የሚሰጠው ችግር ላይ ነኝ ብሎ ላመለከተ ነዋሪ እንደሆነ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ግን በስልክ ክትትሉ አንድም ሰው ችግር አለብኝ እንዳላለ ተነገረኝ። እንዲህ ነው ነገሩ የተገጣጠመው፤ እናንተ እንደምን አላችሁ አላችሁ፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አልን፤ በዚያው ምስጋና ከወረፋው ጭራ ላይ ተቀመጥን። ሁለተኛ ፎቅ አንድ ጎረቤታችን ስልኩን ይዘው እንደ ልጅ ስለጮኹ የእሳቸው መዝጋን በማግሥቱ ተሠራ፤ እሰየው፣ ደግ አደረጉ። ጨዋነታችንን ይዘን እኛ ቀረን።

በአሥራ አንደኛው ጥሪ ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ እትዬ እታፈራሁ ነጠላቸውን አርሰው ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ነበር። ድምፃቸው ወፍሮ ነበር። ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እኔም አስተላልፌ ስልኩን ዘግቼ ወደ ባቡሬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር፤ በአልጋቸውና በመስኮቱ መካከል መሬት ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ሰውነታቸው ይፋጅ ነበር። ስሜን ብነግራቸው አላወቁኝም። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ውሃ እያፈሰስኩባቸው እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ሠላሳ ዘጠኝ ይል ነበር፤ ለእርሱ ግን ማንም አልደወለለትም።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ እንደምን እንደሆኑ በጠየቀቻቸው ጊዜ፣ ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መለሱ። ሐኪሟ ራሷን በአክብሮት ነቅንቃ ትኩሳታቸውን ለካች። እግዜር ይስጣት፣ አላመነቻቸውም።

አምስተኛ፤ ይህ አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። የእትዬ እታፈራሁ የልጅ ልጅ ሊኖይ ቢሮዎ ሄዳ የስልክ መዝገቡን ቅጂ አመጣች። ሎቢው ውስጥ ተቀምጠን እያንዳንዱን መስመር አነበበችልኝ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ በሰደር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ በሰደር፤ አሥራ አንድ ጊዜ። በመጨረሻው ዓምድ በየመስመሩ «በጎረቤት በኩል ተረጋግጧል» ይላል። ያ ጎረቤት እኔ ነኝ። ሊኖይ አንዲት ቃል አልወቀሰችኝም፤ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። እኔ ቁጥሩን አይቻለሁ፣ ከንፈራቸውን አይቻለሁ፣ ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፤ ይሁንና ያሉትን ቃል በቃል በትክክል ተርጉሜአለሁ። በትክክል መተርጎሜ ነው የሚያሳፍረኝ። እርስዎ ባያውቁ አላወቁም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። ለዚህ ነው ሥራውን የለቀቅኩት፤ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይም ደህና ነኝ ያላልኩት። ደህና አይደለሁም ክቡር ሆይ። ተናድጃለሁ፣ አፍሬአለሁ፣ ክፍሌም ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን በትሕትና አቀርባለሁ። እትዬ እታፈራሁ ከመመለሳቸው በፊት የፎቃችን መዝጋን ይሠራ፤ በየክፍላችን አንዳንድ ቴርሞሜትር ይሰቀል፤ ኢናቭም ስትደውል እንደምን አላችሁ ማለቷን ትተው ዘንድ አልጠይቅም፣ ሰላምታ መልካም ነው፤ ግን ከሰላምታው ቀጥላ ቁጥሩን ትጠይቅ፣ ቅጹም ለቁጥሩ የሚሆን ሳጥን ይኑረው። ሐኪሟ እትዬ እታፈራሁ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር እንዳይቀመጡ በጽሑፍ አዛለች፤ ወረቀቱን አባሪ አድርጌአለሁ።

ረቡዕ መዝጋኑ ካልተሠራ ግን፣ የማስታወቂያዎን ቃል እንፈጽማለን። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ለሁላችን የሚበቃ ቀዝቃዛ ቦታ የእርስዎ ቢሮ ብቻ እንደሆነ ለክቶ ማረጋገጥ አላስቸገረኝም። የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪዎች ዘጠኝ ሰዎች፣ ወንበር ወንበራችንን ይዘን፣ ለእትዬ እታፈራሁም ተጣጣፊ አልጋ ይዘን፣ ቢሮዎ እንደተከፈተ እንገባለን። ከባድ ሥራ አንሠራም፤ ውሃ እንጠጣለን፤ ቀዝቃዛ ቦታ እንቆያለን። እንደምን እንደሆንን ቢጠይቁንም ሁላችንም ምን ብለን እንደምንመልስ ያውቁታል፤ እባክዎ እንዳያምኑን።

እንግዲህ ያስተዳደሩንን ዘመን ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ ጤናና ዕድሜ፣ ለጸሐፊዎም ወፈር ያለ ሹራብ እየተመኘሁ፣ ከፀሐይ ዝቅ ከእርስዎ ከፍ ብሎ በሚገኘው ፎቅ ላይ እየቀለጥኩ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

ጎበዜ
የቀድሞ የማቀዝቀዣ መጋዘን ሠራተኛ፣ የቀድሞ አስተርጓሚዎ፣ እስከ ረቡዕ የላይኛው ጎረቤትዎ

ማስታወሻ፤ ትናንት ልጠይቃቸው ሆስፒታል ሄጄ ነበር። እትዬ እታፈራሁ በየማለዳው እያስደወለ ይጨነቅላቸው የነበረው «መንግሥት»፣ ማለትም እርስዎ፣ ስልኩ በመቋረጡ አሳስቧቸዋል፤ በዚህ ሙቀት አንድ ነገር ሆኖ እንዳይሆን ብለው እርስዎ እንደምን እንዳሉ ጠየቁኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው አልኳቸው። አልለካሁዎትም።